ቶም ምቦያ፦ በአሸዋ ላይ ጽሕፈት ተምሮ ለአንድ ትውልድ በር የከፈተው ኬንያዊ

በመስከረም ወር 1959 (እአአ) 81 ምሥራቅ አፍሪካውያን ወጣቶችን የጫነ አውሮፕላን ከናይሮቢ ተነስቶ ኒውዮርክ አረፈ። ከተሳፋሪዎቹ መካከል አብዛኞቹ ከዚያን ቀን በፊት አውሮፕላን ተሳፍረው አያውቁም ነበር። የአንዳንዶቹ ቤተሰቦች ከብት ሸጠዋል። የሌሎቹ መንደርተኞች የሻይ ግብዣና ጭፈራ አዘጋጅተው ሳንቲም ለቃቅመዋል። ጉዞው ለተሳፋሪዎቹ ብቻ ሳይሆን ላዋጣላቸው መንደር ሁሉ ጉዞ ነበር።

ይህን ጉዞ ያቀናው ሰው ያኔ ገና 29 ዓመቱ ነበር። የሠራተኛ ማኅበራት መሪ፣ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባልና በመላው አፍሪካ ስሙ የሚጠራ ፖለቲከኛ ነበር። ነገር ግን ራሱ በመደበኛ ትምህርት ያገኘው የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ አልነበረውም። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን እንኳ በገንዘብ እጦት እስከ መጨረሻው አልዘለቀበትም።

ስሙ ቶማስ ጆሴፍ ኦድሂአምቦ ምቦያ ነው። ዓለም የሚያውቀው ግን ቶም ምቦያ በሚለው አጭር ስሙ ነው። በጥይት ተመትቶ ሲወድቅ 39ኛ ዓመቱን አልደፈነም ነበር። ከዚያ በፊት የተራመደው መንገድ ግን አንድ ሰው ራሱን እያነጸ ማኅበረሰቡን እንዴት ይዞ ሊነሳ እንደሚችል፣ ይህም ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍል ያሳያል።

የቃጫ እርሻው ልጅ

ምቦያ የተወለደው ነሐሴ 15 ቀን 1930 ከናይሮቢ በማይርቀው በኪሊማ ምቦጎ፣ በአንድ የነጭ ባለርስት የቃጫ እርሻ ውስጥ ነው። አባቱ ሊዮናርዱስ ንዲዬጌ የሉኦ ተወላጅ ሲሆን የመጣው በቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ ከምትገኘው ከሩሲንጋ ደሴት ነበር። በእርሻው ላይ የሠራተኞች ተቆጣጣሪ ሆኖ ይሠራ ነበር።

እርሻው ከልዩ ልዩ የአገሪቱ ማዕዘናት የተሰባሰቡ የቀን ሠራተኞች የሚኖሩበት ስፍራ ነበር። ልጁ ምቦያ የአባቱን የሉኦ ቋንቋ ብቻ ሳይሆን የካምባን፣ የኪኩዩንና የስዋሂሊን ቋንቋዎች ከጎረቤት ልጆች ጋር ሲጫወት ለመደ። ይህ የልጅነት ትርፍ በኋላ ላይ ከማንኛውም የትምህርት ማስረጃ በላይ ጠቀመው። በሕዝብ ስብሰባ ላይ ቆሞ ሲናገር አድማጩ እንደ ባዕድ አይቆጥረውም ነበር።

አባቱ ማንበብና መጻፍ አይችልም ነበር፤ ልጆቹ ግን እንዲማሩ ቆርጦ ነበር። ምቦያ ዘጠኝ ዓመት ገደማ ሲሆነው ወደ ካባ የካቶሊክ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተላከ። ደብተርና እርሳስ በቀላሉ በማይገኝበት በዚያ ስፍራ ልጆች ዛፍ ሥር ተቀምጠው ፊደላትን በአሸዋ ላይ በጣታቸው ይስሉ ነበር። ከዚያ በምዕራብ ኬንያ ወደሚገኘው የያላ ትምህርት ቤት ተዛወረ፤ በመጨረሻም በ1946 በወቅቱ ለአፍሪካውያን ከተከፈቱት ስመ ጥር ትምህርት ቤቶች አንዱ ወደ ሆነው ማንጉ ገባ።

በማንጉ ብዙ አልቆየም። የአባቱ ደመወዝ ትንሽ ነበር፣ ከኋላው ደግሞ ትምህርት የሚጠብቁ ታናናሾች ነበሩ። የበኩር ልጅ ነውና ሸክሙን ማቅለል ግዴታው ሆነ። ክፍያ የማይጠይቅ ሙያ ፈልጎ በ1948 ናይሮቢ አጠገብ በሚገኘው የንጽሕና ተቆጣጣሪዎች ማሠልጠኛ ገባ።

ብዙዎች ይህን እንደ መውደቅ ሊቆጥሩት ይችሉ ነበር። ምቦያ ግን በማሠልጠኛው የተማሪዎች ምክር ቤት ሊቀ መንበር ሆኖ ተመረጠ። ስብሰባ መምራትን፣ የተለያየ ሐሳብ ያላቸውን ሰዎች ማስማማትንና የብዙኃኑን ጥያቄ ለአለቃ በሥርዓት ማቅረብን የተለማመደው በዚያ ነው። ያመለጠውንም ትምህርት በደብዳቤ በሚላክ ኮርስ ማታ ማታ ማካካስ ቀጠለ። ከቀን ሥራ በኋላ በመብራት ሥር መጻሕፍት ማገላበጥ እስከ ዕለተ ሞቱ ያልተወው ልማድ ሆነ።

ወተት መርማሪው

በ1951 ናይሮቢ ከተማ ውስጥ በንጽሕና ተቆጣጣሪነት ተቀጠረ። ሥራው ምግብ ቤቶችን፣ ሥጋ ቤቶችንና የወተት ማከፋፈያዎችን መፈተሽ ነበር። ተመሳሳይ ሥራ ከሚሠሩት ነጭ ባልደረቦቹ ጋር ሲነጻጸር የሚከፈለው ደመወዝ እጅግ አነስተኛ ነበር።

በኋላ ደጋግሞ ያወሳው አንድ ገጠመኝ አለ። አንድ ቀን በመሥሪያ ቤቱ ብቻውን ሆኖ የወተት ናሙና ሲመረምር አንዲት ነጭ ሴት ወደ ክፍሉ ገቡ። ዞር ዞር ብለው ተመለከቱና በክፍሉ ውስጥ ሰው እንዳለ ጠየቁ። ምቦያ ፊታቸው ቆሞ ነበር። ጥቁር መሆኑ ግን ከሰው እንዳይቆጠር አድርጎታል። እሱም ዐይናቸው ደኅና ስለመሆኑ መልሶ ጠየቃቸው። ሴትዮዋ በንዴት ወጥተው ሄዱ።

ይህ ዓይነቱ ውርደት በዘመኑ የእያንዳንዱ አፍሪካዊ ሠራተኛ የዕለት እንጀራ ነበር። አንዳንዶችን አንገት አስደፍቷል፣ ሌሎችን ወደ ጫካ አስገብቷል። ምቦያ የመረጠው ሦስተኛውን መንገድ ነው፤ መደራጀትን።

በከተማው አስተዳደር የሚሠሩ አፍሪካውያን አንድ የመረዳጃ ማኅበር ነበራቸው። ምቦያ አባል ሆነ፣ ብዙም ሳይቆይ ፕሬዝዳንት ተደርጎ ተመረጠ። ማኅበሩ ለአባላቱ ደመወዝና የሥራ ሁኔታ በሕግ ፊት መደራደር የሚችል የሠራተኛ ማኅበር እንዲሆን ሠርቶ በ1953 አስመዘገበው። በከተማው አስተዳደር የነበረው ሥራም በዚሁ አበቃ። በዚያው ዓመት የኬንያ የሠራተኛ ማኅበራት ፌዴሬሽን ዋና ጸሐፊ ሆነ። ዕድሜው 23 ነበር።

ፖለቲካ በተዘጋበት ዘመን

ጊዜው አስቸጋሪ ነበር። የማው ማው ዐመፅ በመቀስቀሱ የቅኝ ግዛቱ መንግሥት በጥቅምት ወር 1952 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አውጇል። ጆሞ ኬንያታ ታስረዋል። የኬንያ አፍሪካውያን ኅብረት የተባለው ፓርቲ በ1953 ታግዷል። በሚያዝያ ወር 1954 ደግሞ የብሪታኒያ ወታደሮችና ፖሊሶች ናይሮቢን ከበው በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን፣ በተለይም የኪኩዩ፣ የኤምቡና የሜሩ ተወላጆችን፣ ወደ ማጎሪያ ሰፈሮች አጋዙ። ከታጋዦቹ መካከል የሠራተኛ ማኅበራት መሪዎች ይገኙበት ነበር።

ምቦያ ሉኦ በመሆኑ ከዚያ አፈሳ ተረፈ። የተረፈበትን ነጻነት ግን ለራሱ ብቻ አላዋለውም። የታሰሩት ሰዎች ጉዳይ በሕግ እንዲታይ፣ ቤተሰቦቻቸው ከቤታቸው እንዳይፈናቀሉ፣ በጅምላ የሚፈጸመው ቅጣት እንዲቆም በፌዴሬሽኑ ስም አቤቱታ ጻፈ፣ ለውጭ አገር ማኅበራትም አሰማ። ፓርቲ በሌለበት አገር የሠራተኛ ማኅበሩ ብቸኛው የአፍሪካውያን አንደበት ሆነ።

የመሪነት ችሎታው በይፋ የተፈተነው በ1955 በሞምባሳ ወደብ ነው። የወደቡ ሠራተኞች ሥራ አቁመው ከተማዋ ውጥረት ውስጥ ገብታ ነበር። ምቦያ ወደ ሞምባሳ ወርዶ ሠራተኞቹ ወደ ሥራቸው እንዲመለሱና ጥያቄያቸው በገላጋይ ጉባኤ እንዲታይ አሳመናቸው። ቁጡ ሕዝብን ባዶ እጁን ወደ ሥራ መልስ ማለት ቀላል አደራ አይደለም። ጉባኤው ያለ ውጤት ቢበተን ስሙ በከሃዲነት ይነሳ ነበር። ማስረጃውን አደራጅቶ ተከራከረላቸው፤ ሠራተኞቹም 33 በመቶ የደመወዝ ጭማሪ ተወሰነላቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀጣሪዎችም ሆኑ ሠራተኞች ስሙን በጥንቃቄ ይጠሩት ጀመር።

በዚያው ዓመት በስኮላርሺፕ ወደ ኦክስፎርድ ሄዶ ለሠራተኞች ትምህርት በተቋቋመው በረስኪን ኮሌጅ አንድ ዓመት አጠና። ከመሠረታዊ ሥልጠናው በኋላ በመደበኛ ትምህርት ያሳለፈው ረጅሙ ጊዜ ይኸው ነው። በ1956 ወደ አሜሪካ ተሻግሮ የሠራተኛ ማኅበራትን አነጋገረ፤ በናይሮቢ ለሚሠራው የፌዴሬሽኑ ሕንጻ ማስጀመሪያ 35 ሺህ ዶላር ይዞ ተመለሰ። ይህ የውጭ ገንዘብ ለሥራው ጠቀመው፤ ለተቀናቃኞቹ ደግሞ እስከ መጨረሻው የማይነጥፍ የወቀሳ ምንጭ ሆነ።

ከናይሮቢ እስከ አክራ

በመጋቢት ወር 1957 አፍሪካውያን ለመጀመሪያ ጊዜ ወኪሎቻቸውን ለቅኝ ግዛቱ ምክር ቤት እንዲመርጡ ሲፈቀድ ምቦያ በናይሮቢ ተወዳድሮ አሸነፈ። በወቅቱ የተመረጡት አፍሪካውያን ስምንት ብቻ ነበሩ። ስምንቱ የሚኒስትርነት ሹመት አንቀበልም ብለው ለአፍሪካውያን የሚሰጠው መቀመጫ እንዲጨመር በአንድነት ቆሙ። በቀጣዩ ዓመት ቁጥራቸው ወደ 14 ከፍ አለ።

በታኅሣሥ ወር 1958 የጋና መሪ ክዋሜ ንክሩማ የመላው አፍሪካ ሕዝቦች ጉባኤን በአክራ ጠሩ። ነጻ ከወጡና ገና በቅኝ ግዛት ሥር ካሉ አገሮች የመጡ መሪዎች በተሰበሰቡበት በዚያ መድረክ ሊቀ መንበር ሆኖ የተመረጠው የ28 ዓመቱ ምቦያ ነበር። በአሸዋ ላይ መጻፍ የተማረው ልጅ የአህጉሩን ነጻነት የሚመክር ጉባኤ መራ።

ሆኖም ምቦያን ሌሊት የሚያሳስበው ሌላ ጥያቄ ነበር። ነጻነት መምጣቱ አይቀርም፤ በመጣ ጊዜ ግን ቢሮዎቹን፣ ሆስፒታሎቹን፣ ፍርድ ቤቶቹንና ትምህርት ቤቶቹን የሚይዘው ማነው? ኬንያ ያኔ የራሷ ሙሉ ዩኒቨርሲቲ አልነበራትም። የምሥራቅ አፍሪካ ወጣቶች የሚሻሙት በካምፓላ በሚገኘው በማካሬሬ ኮሌጅ ውስጥ ለነበሩት ጥቂት ቦታዎች ነበር። ባንዲራ መለወጥ በአንድ ሌሊት ይቻላል፤ ሐኪምና መሐንዲስ ማፍራት ግን ዓመታት ይጠይቃል።

የተማሪዎቹ አውሮፕላን

ምቦያ በ1959 የጸደይ ወራት አሜሪካን ዞሮ በዩኒቨርሲቲዎች፣ በአብያተ ክርስቲያናትና በሠራተኛ ማኅበራት አዳራሾች ተናገረ። የሚጠይቀው ለራሱ አልነበረም፤ ለወጣቶች የትምህርት ዕድል ነበር። አሜሪካውያን ወዳጆቹ ለዚሁ ዓላማ ፋውንዴሽን አቋቋሙ። የቤዝቦል ተጫዋቹ ጃኪ ሮቢንሰን፣ ድምፃዊው ሃሪ ቤላፎንቴና ተዋናዩ ሲድኒ ፖይቲየር የገንዘብ ማሰባሰቢያውን ጥሪ ፈርመው አሰራጩ።

አሠራሩ በሦስት ወገኖች ትከሻ ላይ የቆመ ነበር። ኮሌጆቹ የትምህርት ዕድሉን ይሰጣሉ። ፋውንዴሽኑ አውሮፕላኑን ይከራያል። ቤተሰብና መንደር ደግሞ የሚችለውን ያዋጣል። ይህ ሦስተኛው ወገን ቀላል አልነበረም። ላም የሸጠ አባት፣ ዕቁቧን ያዋጣች እናት ልጁ ተመልሶ እንዲያገለግላቸው ይጠብቃሉ። ዕድሉ ስጦታ ብቻ ሳይሆን ዕዳም ነበር።

የቅኝ ገዢዎቹ ባለሥልጣናት ዕቅዱን አልወደዱትም። ተማሪዎቹ በቂ ዝግጅት የላቸውም፣ የአሜሪካ ኮሌጆችም ደረጃ አጠራጣሪ ነው ሲሉ ነቀፉት። ምቦያ ግን አልተመለሰም። በ1960 የበጋ ወራት የፕሬዝዳንትነት እጩ የነበሩትን ጆን ኤፍ ኬኔዲን አግኝቶ አነጋገራቸው፤ የቤተሰባቸው ፋውንዴሽንም 100 ሺህ ዶላር ሰጠ። በዚያ ዓመት የተጓዦቹ ቁጥር በብዙ እጥፍ አደገ፤ ከኬንያ ጎረቤት አገሮች የመጡም ተጨመሩበት። እስከ 1963 ድረስ 800 ያህል ተማሪዎች በዚህ መንገድ ተጉዘዋል።

ከ1960ዎቹ ተጓዦች አንዷ ከኬንያ ደጋማ ክፍል የመጡ አንዲት ወጣት ነበሩ። በካንሳስ ግዛት በሚገኝ ኮሌጅ ባዮሎጂ ተምረው ተመለሱ፤ በ1977 ሴቶችን አስተባብረው ዛፍ የሚተክል ንቅናቄ መሠረቱ፤ በ2004 የኖቤል የሰላም ሽልማት ተቀበሉ። ዋንጋሪ ማታይ ናቸው። የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዝዳንት የባራክ ኦባማ አባትም በ1959 ለትምህርት ወደ ሃዋይ የሄዱ ሲሆን፣ በመጀመሪያው አውሮፕላን ባይሳፈሩም ከፋውንዴሽኑ እርዳታ አግኝተዋል።

ምቦያ ያሰበው ግን ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ብቻ አልነበረም። ማንበብ የሚችል የወደብ ሠራተኛም የሒሳብ መዝገብ መያዝ፣ ቃለ ጉባኤ መጻፍና ውል መደራደር እንዲችል ይፈልግ ነበር። ይመራው የነበረው ፌዴሬሽን አባል የሆነበት ዓለም አቀፍ የነጻ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን በ1958 በካምፓላ የከፈተው ኮሌጅ ለእነዚህ ሰዎች ነበር። መሪነት ከላይ የሚወርድ ጸጋ ሳይሆን የሚለመድ ሙያ ነው የሚለው እምነቱ በሁለቱም ሥራዎቹ ውስጥ ይታያል።

ከሥልጣን ጋር የመጣው ፈተና

ኬንያ በታኅሣሥ ወር 1963 ነጻ ወጣች። ምቦያ አስቀድሞ የሠራተኛ ጉዳይ ሚኒስትር ነበር፣ ከዚያ የፍትሕና የሕገ መንግሥት ጉዳዮችን፣ ቀጥሎም የኢኮኖሚ ዕቅድና ልማትን ሚኒስቴር መራ። የገዢው ፓርቲ የካኑ ዋና ጸሐፊም እሱ ነበር።

በ1965 በእሱ መሪነት የተዘጋጀው የመንግሥት ሰነድ የአገሪቱን የኢኮኖሚ አቅጣጫ ተለመ። ሰነዱ የመንግሥት ገንዘብ ፈጣን ውጤት በሚያስገኙ አካባቢዎች ላይ እንዲውል ያዝዛል። ይህም ለም መሬት፣ ዝናብና መንገድ ላላቸው አካባቢዎች አድልቶ ሰሜን ኬንያን የመሳሰሉ ደረቅና አርብቶ አደር አካባቢዎችን ወደ ኋላ አስቀርቷል የሚለው ወቀሳ ዛሬም ይነሳል። በወቅቱ ሰነዱን በአደባባይ ከተቹት አንዱ በዚያው ፋውንዴሽን የተረዱት ኢኮኖሚስት ኦባማ አባት ነበሩ። የተማረ ትውልድ ማፍራት ያስተማረውን ሰው ጭምር የሚሞግት ትውልድ ማፍራት መሆኑን ምቦያ በራሱ ላይ አየው።

ከምክትል ፕሬዝዳንቱ ከኦጊንጋ ኦዲንጋ ጋር የነበረው ፉክክርም እየከረረ ሄደ። ሁለቱም ሉኦ ነበሩ፤ አመለካከታቸው ግን የቀዝቃዛውን ጦርነት ጎራ ተከትሎ ተለያየ። በ1966 በሊሙሩ በተካሄደው የፓርቲ ጉባኤ የኦዲንጋ ሥልጣን እንዲሸረሸር ካደረጉት ሰዎች ግንባር ቀደሙ ምቦያ ነበር። ኦዲንጋ ከመንግሥት ወጥተው የራሳቸውን ፓርቲ መሠረቱ። ምቦያ ድል አደረገ፤ ነገር ግን በቤተ መንግሥቱ ዙሪያ ለነበሩት ሰዎች ከዚያ በኋላ የሚያስፈራው ተቀናቃኝ እሱ ራሱ ሆነ። ወዳጆቹ ጭምር ኩሩና ቸኩሎ ፈራጅ ነው ይሉት ነበር። ማዕከላዊ ሥልጣንን ለማጠናከር በሕግና በፓርቲ አሠራር ያገዘው መንግሥት በመጨረሻ እሱን የሚጠብቅበት ጋሻ አልነበረውም።

ሐምሌ 5 ቀን 1969

ምቦያ በአዲስ አበባ ከተደረገ የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ስብሰባ ከተመለሰ ብዙም አልቆየም ነበር። ቅዳሜ ሐምሌ 5 ቀን 1969 ከቀትር በኋላ በናይሮቢ መሐል ጎዳና ከሚገኝ አንድ መድኃኒት ቤት ገብቶ ሲወጣ በጥይት ተመታ። ሆስፒታል ሲደርስ ሕይወቱ አልፏል። ከጥቂት ደቂቃዎች በፊት መንገድ ላይ አግኝተው ካነጋገሩት ሰዎች አንዱ ያው ተቺው ኦባማ አባት ነበሩ፤ በኋላም በችሎት ምስክር ሆነው ቀረቡ።

ናሃሾን ንጄንጋ የተባለ ሰው በግድያው ተከስሶ ተፈረደበት፤ በዚያው ዓመት በስቅላት ተቀጣ። ከጀርባው ማን ነበር የሚለው ጥያቄ ግን በፍርድ ቤት መልስ አላገኘም።

ሐዘኑ ወዲያው ወደ ቁጣ ተለወጠ። ለነፍሱ ጸሎት በተደረገበት ዕለት በናይሮቢ ካቴድራል ደጃፍ ረብሻ ተነሳ፤ የፕሬዝዳንት ኬንያታ መኪናም በድንጋይ ተወገረ። በጥቅምት ወር ኬንያታ በኪሱሙ በተገኙበት ሥነ ሥርዓት ግጭት ተቀስቅሶ ጠባቂዎች ተኮሱ፤ ሰዎች ሞቱ። የኦዲንጋ ፓርቲ ታገደ፣ እሳቸውም ታሰሩ። በአምስት ቋንቋዎች እየተናገረ በናይሮቢ የሁሉም ጎሣ ድምፅ ያገኘው ሰው ሞት የኬንያን ሕዝብ በጎሣ መስመር የከፈለ ቁስል ሆነ።

አስከሬኑ ወደ አባቶቹ ደሴት ወደ ሩሲንጋ ተወስዶ ተቀበረ። ዛሬ በናይሮቢ በስሙ የሚጠራ ጎዳና አለ፤ በወደቀበት ስፍራ አቅራቢያም በ2011 ሐውልት ቆሞለታል። መንገደኛው ሐውልቱን አልፎ ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው ይጣደፋል።

የምቦያ ታሪክ ሁለት ገጽ አለው። እንደ ፖለቲከኛ የሠራው ብዙው ነገር ከእሱ ጋር ወደቀ፤ በአንድ ሰው ብርታት ላይ ብቻ የቆመ ነገር ሰውየው ሲወድቅ ይወድቃልና። ለሌሎች ያካፈለው ግን አልሞተም። ከአውሮፕላኖቹ ወርደው የተማሩት ወጣቶች ተመልሰው በመሥሪያ ቤቶች፣ በዩኒቨርሲቲዎችና በሆስፒታሎች ተሰማሩ። ቃለ ጉባኤ መጻፍ የተማሩት ሠራተኞች ማኅበራቸውን ቀጠሉ። ያስተማሩት ደግሞ ሌሎችን አስተማሩ። የገዳዩ ጥይት አንድን ሰው ጣለ፤ መንደሮቹ ላም ሸጠው የላኳቸውን ልጆች ግን ከመመለስ አላገዳቸውም።